አርባ ጭስ እንዴት አርባ ጭስ ተባለ

በሚካኤል እምላለሁ፣ ይኼን አታምኑኝም። ከመቶ ሰው አንድ እንኳ ቢያምነኝ ጢሜን ተላጭቼ ገበያ ለገበያ እዞራለሁ ብዬ ከተሳልኩ ሃያ ዓመት ሆኖኛል፤ ጢሜም ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ዘለላ አልጎደለበትም። ካላመናችሁኝ ግን መንገዱ ክፍት ነው፣ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩት።

ገርበሌ በምትባለው የቆላ ከተማ፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ከሦስቱ ሾላዎች እስከ አሮጌው የጥጥ መጋዘን ድረስ ያለው ሰፈር ዛሬም አርባ ጭስ ይባላል። የገርበሌ ሙቀት የዋዛ አይደለም። ዶሮዋ የምትጥለው የተቀቀለ እንቁላል ነው፤ ሰው ሲያለቅስ እንባው ጉንጩ ላይ ሳይደርስ ይደርቅና ሐዘኑ ሳይታይለት ይቀራል። እንግዲህ በዚህች ከተማ፣ በዚህ ሰፈር፣ በየቤቱ ደጃፍ መጋረጃ ሆኖ የሚሰቀለው አቡጀዲ እንዳይመስላችሁ፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ሁለት ሰው ካልተጋገዘ የማይነሣ የደጋ ባና ነው። ቤቶቹ ደግሞ ሁሉም ጎን ለጎን የተያያዙ ናቸው፤ በሚያዋስናቸው ግድግዳ ከበስተጓሮ በኩል ሰው ጎንበስ ብሎ የሚሾልክበት ቀዳዳ አለ፤ ሽንኩርት የጎደላት፣ ፍም የጠፋባት፣ ባሏ የተቆጣት ሁሉ በዚያው ትሾልካለች። ሙሽራ ወደ ሰፈሩ ስትገባም በገል ፍም ይዛ ከመጀመሪያው ቤት ገብታ፣ በየቀዳዳው እየሾለከች፣ በመጨረሻው ቤት ትወጣለች፤ በየቤቱ «ስምሽ ማነው?» ስትባልም አፏ ላይ የመጣላትን ትናገራለች እንጂ ትክክለኛ ስሟን አትናገርም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። በአርባ ጭስ ሠርግ ላይ ሽማግሌው ተነሥተው «ይህች ሴት ባል አላት ወይ? የሚያውቅ ይናገር» ሲሉ፣ ሰፈርተኛው በአንድ አፍ አንድ ቁጥር ይጮኻል። ያን ቁጥር ሲሰሙ ከሌላ አገር የመጡ የሙሽራው ዘመዶች ብድግ ብለው ጫማቸውን መፈለግ ይጀምራሉ፤ ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ በልመና የተመለሱም አሉ። ቁጥሩን አሁን አልነግራችሁም። እደርስበታለሁ።

ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት የአርባ ጭስ አባቶች የመጡት ከውርጭ አምባ ነው። ውርጭ አምባ ከገርበሌ በላይ የአራት ቀን መንገድ ነው፤ ብርዱ ደግሞ ሰው ሲነጋገር ቃሉ አየር ላይ በረዶ ሆኖ ስለሚቀር፣ ጧት የተሰደበ ሰው ስድቡን የሚሰማው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው ይባላል። በአንድ ዘመን ውርጩ ሦስት ዓመት አከታትሎ ገብሱን መታው። ያን ጊዜ አያ ዘርጋው የሚባል ጎልማሳ ጎረምሶቹን ሰብስቦ፣ «በጋችን ሳያልቅ ጠጉሩን ሸልተን ባና እንሥራና ቆላ ወርደን እንሽጥ፤ እዚያ ትልቅ ከተማ አለ አሉ» አላቸው። አንዱ «ባና ይገዛሉ ወይ?» ብሎ ጠይቆት ነበር። አያ ዘርጋው፣ «ቆላ ሰው አይበርደውም ወይ?» ብሎ መለሰለት፤ በአምባው ከሰማይ በታች የማይበርደው ሰው አለ ብሎ የሚያስብ ስላልነበር ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

አርባ ወንዶች አርባ ሸክም ባና ይዘው ወረዱ። ገርበሌ ገበያ ደርሰው ሸክማቸውን ሲዘረጉ የከተማው ሰው ከበባቸው፤ ባናውን በእጁ ነካ እያደረገ፣ እሳት እንደነካ እየዘለለ ይስቅ ጀመር። ያን ቀን አንድ ባና ብቻ ተሸጠ ይባላል፤ የገዛውም ሰውዬ የሞተ አህያውን ጠቅልሎ የሚጎትትበት ፈልጎ ነው።

ይመለሱ? እንዴት ብለው! «ባና ተሸክመን ወርደን ባና ተሸክመን ብንወጣ ሚስት ቀርቶ ውሻ አይቀበለንም» አለ አያ ዘርጋው። ስለዚህ ቀሩ። ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ጥጥ ፈለፈሉ፣ ጭነት ተሸከሙ። ጣሪያው የዛገ አንድ የተተወ የጥጥ መጋዘን አግኝተው አርባውም እዚያ ገቡ፤ ባናውን ከጥግ ቆለሉት። ምግብ የምትሠራላቸው የአያ ዘርጋው ታናሽ እህት፣ እትዬ ደብሪቱ፣ ከኋላ ተከትላቸው ወረደች።

ይህቺ ደብሪቱ ገና በልጅነቷ ባሏ ሞቶባት፣ በሟቹ ወንድሞች ቤት የሰው እሳት ስታነድ የኖረች ናት። ቆላ ስትወርድ «አንድ ቀን የራሴን ጉልቻ እጎልታለሁ» ብላ ነበር፤ ወርዳ ያገኘችው ግን አንድ ጉልቻና አርባ ሆድ ነው። ድስቱ ከትልቅነቱ የተነሣ ከወዲያኛው ዳር ያለውን ወጥ ለማማሰል ዞራ መሄድ ነበረባት ይላሉ። ወንዶቹ ሲተኙም ከመጨናነቃቸው የተነሣ አንዱ ብቻውን መገላበጥ አይችልም፤ አያ ዘርጋው «ወደ ቀኝ!» ብሎ ሲያዝ ነው አርባው ባንድነት የሚዞረው። ደህና ሱሪ የነበራቸው አንድ ብቻ ስለሆነ እሁድ እሁድ በተራ ለብሰው ይሳለማሉ፤ የደብሩ ቄስም ያንን ሱሪ እንጂ ሰዎቹን ለይተው አያውቁም ነበር።

ኑሮው እንዲህም ሆኖ ይገፋ ነበር፤ የማይገፋው ትዳር ነው። ወደ አምባው «ልጃገረድ ላኩልን» ብለው ሲልኩ፣ እናቶቹ «ቤት አላችሁ? ልጄ የት ጉልቻ ልትጎልት ነው?» ብለው ይመልሳሉ። ማዘጋጃ ቤት ሄደው «የቤት መሥሪያ ቦታ ስጡን» ሲሉ ደግሞ፣ «ሚስት አላችሁ? ቦታ የሚሰጠው ለባለ ትዳር ነው» ይባላሉ። ቤት የለህምና ሚስት የለህም፣ ሚስት የለህምና ቤት የለህም። በዚህ ክብ ሰባት ዓመት ዞሩ። የአያ ዘርጋው ጢም ሲጀምሩ ጥቁር ነበር፤ በአምስተኛው ዓመት ባለ ሁለት ቀለም ሆነ።

በሰባተኛው ዓመት የከተማው ሹም ቀኛዝማች እንግዳሸት በበቅሎ ሲያልፉ የሾላዎቹን ጥላ አይተው ወደዱት። «እዚህ ሎሚ ይተከል» አሉ። መጋዘኑ ሊፈርስ፣ አርባው ወንድ በየሰው ደጅ ሊበተን፣ ደብሪቱም ተመልሳ የሟች ባሏን ወንድሞች እሳት ልታነድ ሆነ። አያ ዘርጋው ገበያ መሐል በቅሏቸው ፊት ወድቆ፣ «ጌታዬ፣ ሰባት ዓመት የኖርንበት ሰፈራችን ነው» ቢላቸው፣ ቀኛዝማች ሳቁ።

በዚያ ዘመን ሰፈር የሚቆጠረው በሰው ራስ አይደለም፤ በጭስ ነው። እሳት የሚነድበት፣ ባልና ሚስት ያለበት ጎጆ አንድ ጭስ ይባላል። «ሰፈር?» አሉ ቀኛዝማች። «አንድ ጭስ ይዘህ ነው ሰፈር የምትለኝ? ስማኝ፤ በግንቦት ልደታ ማግስት መጥቼ አስቆጥራለሁ። አርባ ጭስ፣ በየጭሱ ሥር አንድ አንድ ሚስት ካገኘሁ መሬቱ የእናንተ ነው፣ በገበያተኛው ፊት ቃሌ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ካገኘሁ ግን ሎሚ ነው።»

ለልደታ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። በሁለት ሳምንት አርባ ሚስት ከየት ይመጣል? ወንዶቹ መጋዘኑ ውስጥ ተኮራምተው ተቀመጡ። ጎሽሜ የሚባለው ብቻ፣ «አንድም ሚስት የለንም፤ ይኼንኑ እንንገራቸው» አለ። ጎሽሜ ማለት ውሸት የሚያሳምመው ሰው ነው። ካልጠፋ ነገር አምባው ላይ ዕድሜውን በሁለት ዓመት ቀንሶ ተናግሮ፣ ያንኑ ሁለት ዓመት ታሞ ተኝቶ ነው የከፈለው ይባላል።

ደብሪቱ ድስቷን አውጥታ አስቀመጠችና ወደ ጥጉ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም ወዳልነካው የባና ቁልል ሄደች።

«አያ ዘርጋው፣ ይኼ ባና ሲሰቀል አሻግሮ ያሳያል?» አለችው።

«አያሳይም። ጥይትም አያሳልፍ።»

«ድምፅስ?»

«እህቴ፣ ይኼ ባና ድምፅ ያሳልፍ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሲያንኮራፉ አብጄ ነበር።»

«እንግዲያው ተነሡ» አለች ደብሪቱ። «ስቀሉ።»

እንደሚነገረው ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልተኛ እንጂ ያልሠራ አልነበረም። ባናውን ከጣሪያው ማገር እያወረዱ መጋዘኑን በረድፍ አርባ ክፍል አደረጉት፤ ከወንዙ መቶ ሃያ ድንጋይ ለቅመው በየክፍሉ ሦስት ሦስት ጎለቱ፤ ቆርቆሮውን በየክፍሉ አናት ሸነቆሩት። ሚስት ግን ያው አንዲት ደብሪቱ ናት። «እኔ እበቃለሁ» አለች። «ጸሐፊው በፊት ለፊት ከክፍል ክፍል ሲወጣና ሲገባ፣ እኔ በጓሮ በኩል በባናው ሥር እሾልካለሁ። እናንተ ብቻ ሚስቶቻችሁን ስታዩ አትደንግጡ።»

ጎሽሜን ምን እናድርገው ተባለ። ጉድጓድ እንክተተው ያለ ነበር፤ ደብሪቱ ግን «አርባኛው እሱ ነው፣ ያለ እሱ ሠላሳ ዘጠኝ ነን» ብላ ከለከለች። «አፉን በበሶ እንሙላው። አይናገርም፣ ይነቀንቃል።»

ቀኑ ደረሰ። በእኩለ ቀን፣ ድንጋይ በሚተነፍስበት ሰዓት፣ ቀኛዝማች እንግዳሸት በበቅሎ መጡ። ቀኛዝማች ማንበብ ስለማያውቁ በረጅም ገመድ ላይ ቋጠሮ እያሰሩ ነበር የሚቆጥሩት። አርባ እሳት የሚነድበት መጋዘን ደጃፍ ሲደርሱ ወላፈኑ ጢማቸውን ገረፋቸውና በቅሏቸውን ወደ ሾላው ጥላ መለሱ። «ምንውየለት፣ አንተ ግባ» አሉ። «እኔ ከውጭ ጭሱን እቆጥራለሁ።»

ምንውየለት የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ነው። እሱም የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ከየት እንደመጣ የጠየቀው እንኳ አልነበረም። የሚኖረው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ፣ የሚተኛው የሚጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ራሱን የሚያሳርፈው መዝገብ ላይ ስለነበር ጉንጩ ላይ የማኅተም ምልክት አይጠፋም ይባላል። መዝገቡን ታቅፎ ገባ።

በመጀመሪያው ክፍል አያ ዘርጋው ጉልቻው አጠገብ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ እሳት ትቆሰቁሳለች።

«ስምሽ?»

«አስካለች» አለች ደብሪቱ፤ ተጣድፋ ፍም ነክታ አውራ ጣቷ ተቃጠለ።

«የማን ሚስት ነሽ?»

«የዘርጋው።»

ጻፈ። እሷም እንግዳ ነውና በጥብጣ ያስቀመጠችውን በሶ በኩባያ ሰጠችው። ጠጣና ወጣ። ባናው ከኋላው ሳይረጋ ደብሪቱ በሥር ሾልካ፣ ሻሿን ወደ ፊት አስራ፣ ሁለተኛው ክፍል ተቀምጣ ጠበቀችው። እንዲህ እያለች ስትሄድ ሻሽ የሚታሰርበት መንገድ በአሥራ አንደኛው ክፍል አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ጋቢ ተከናነበች፣ ዓይኗን አንሸዋረረች፣ አንገቷን አጣመመች፣ አነከሰች። የሴት ስም ደግሞ በሃያኛው ላይ አለቀባት። ዓይኗ ያረፈበትን ትጠራ ጀመር፤ «ጉልቻነሽ» አለች፤ «በሶነሽ» አለች፤ «ባናወርቅ» አለች። ጸሐፊው ቀና ሳይል ይጽፋል። በየክፍሉም በሶ ይጠጣል፤ በሠላሳኛው ላይ ሆዱ ነጋሪት አክሏል።

ሕፃን ከሌለ ትዳሩ አያምርም ብላ ደብሪቱ አንድ ዱባ በነጠላ ጠቅልላ ይዛ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ክፍል ጸሐፊው አይቶ፣ «ይኼ ሕፃን አያለቅስም?» አላት።

«የደጋ ልጅ ነው ጌታዬ። ሲሞቀው ይተኛል።»

«ነፍስ፣ ሦስት» ብሎ ጻፈ። በሠላሳ ሦስተኛው ክፍል ግን ስትሾልክ ነጠላው ተፈታና ዱባው ተንከባሎ ከጸሐፊው እግር ሥር ቆመ። ባል ተብዬው ዓይኑን ጨፈነ። ለደብሪቱ ሰባት ዓመቱ፣ መቶ ሃያ ድንጋዩ፣ ሎሚው ሁሉ ባንድ ጊዜ ታያት። ምንውየለት ጎንበስ ብሎ ዱባውን አነሣ፤ አቧራውን በእጁ ጠረገለት፤ መልሶም አሳቀፋት።

«አድጓል» አለ፤ ጻፈና ወጣ።

ውጭ ደግሞ አያ ዘርጋው ከክፍሉ ወጥቶ ከቀኛዝማች አጠገብ ቆሟል። ቀኛዝማች አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣሪያውን እያዩ ገመዱን ይቋጥራሉ። ጭሱ እየወጣ ነው፤ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት።

«ዘርጋው፣ መቼ ነው ይኼን ሁሉ ሚስት ያገባችሁት?»

«በነዚሁ ሁለት ሳምንታት ነው ጌታዬ።»

«አርባ ሰው? በሁለት ሳምንት?»

«ጌታዬ፣ ሥራ አልነበረንም።»

ጸሐፊው አርባኛው ክፍል ደረሰ። ጎሽሜ ጉንጩ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ፈጦ ተቀምጧል። ደብሪቱ ላቧ እስከ ክርኗ ይወርዳል፤ ሻሹም፣ ጋቢውም፣ ማነከሱም አልቆባት እንዲሁ በራሷ መልክ ነው የተቀመጠችው። ምንውየለት የጎሽሜን ፊት አየና ጠየቀ።

«ይህች ሴት ሚስትህ ናት?»

ጎሽሜ ራሱን ነቀነቀ። አዎን ብሎ ቢሆን መልካም ነበር። የነቀነቀው ግን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነው፤ ያውም በኃይል፣ በሶው በአፉም በአፍንጫውም እንደ ጭስ እስኪቦን ድረስ። የቱንም ያህል አፉን ቢሞሉት አንገቱን ያሰረው አልነበረም።

«እንግዲህ ሠላሳ ዘጠኝ ነው» አለ ጸሐፊው።

ደብሪቱ የጉልቻውን እሳት ቆሰቆሰች። ልቅሶ አልመጣላትም፤ እሳቱን ነው የምታየው። «እኔ ነኝ ጌታዬ» አለች። «ሁሉም እኔ ነኝ። እነሱ አያውቁም፣ ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ። የሚታሰር ካለ እኔ ልታሰር፤ እነሱን ግን አትበትኗቸው።»

«አውቃለሁ» አለ ምንውየለት። «ጣትሽ መጀመሪያው ክፍል ላይ ነው የተቃጠለው፤ ከዚያ ወዲያ የሁሉም ሚስት አውራ ጣት ተቃጥሏል።» መዝገቡን ዘጋ፤ መልሶ ከፈተው። «እኔም እኮ ጠረጴዛ ላይ የምተኛ ሰው ነኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ የማን ሚስት ነሽ ብዬ ጠየቅሁሽ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ቀናሁ።»

ብዕሩን አነሣና ጻፈ። አርባኛ ጭስ፤ ባል፣ ጸሐፊ ምንውየለት፤ ሚስት፣ ወይዘሮ ማን?

«ስምሽ? እውነተኛውን።»

«ደብሪቱ። ደግሞ ሳትጠይቀኝ ነው እንዴ የምትጽፈኝ?»

«እሺ፣ ልጠይቅሽ?»

«አሁን ጻፍ፣ ቀኛዝማች በላብ ቀልጠው ሳያልቁ! ጥያቄውን በጥር፣ በሽማግሌ ትጠይቀኛለህ። መልሴን ያን ጊዜ ትሰማለህ።»

ጸሐፊው ወጥቶ «አርባ» አለ። ቀኛዝማች ገመዳቸውን በጣታቸው ዳሰሱ። አርባ ቋጠሮ ነው። ሎሚያቸው በዓይናቸው ላይ ደረቀ፤ ግን ቃል ቃል ነው፣ ገበያተኛውም ወንዙ ዳር ቆሞ ያያል። «አርባ ጭስ ነው! መሬቱ የነሱ ነው!» ብለው ጮኹ፤ የሰፈሩ ስም የወጣው ያን ጊዜ ነው ይባላል። ቀጥለውም፣ «በሉ ሚስቶቹ ሁሉ እልል ይበሉ!» አሉ።

አቤት! ይኼን ማንም አላሰበበትም። ከመጋዘኑ ውስጥ በመጀመሪያ የደብሪቱ እልልታ ብቻውን ወጣ። ከዚያ ወንዶቹ ባናውን ተከናንበው፣ ጉሮሯቸውን አጥብበው ጀመሩ። የወንዙ አህዮች ገመድ በጥሰው የሸሹት ያን ጊዜ ነው፤ ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተገኙም። ቀኛዝማች መጋዘኑን ረጅም ጊዜ አዩት። ጸሐፊያቸውን አዩት። ገመዳቸውን አዩት።

«የደጋ ሴት ጉሮሮዋ ወፍራም ነው» አሉና በቅሏቸውን አዙረው ሄዱ።

መሬት መገኘቱ አምባው ላይ በተሰማ በሳምንቱ ልጃገረዶቹ ከነእናቶቻቸው እየዘፈኑ ወረዱ። እያንዳንዷ ሙሽራ አንድ አንድ ክፍል፣ አንድ አንድ ጉልቻ ያዘች፤ የባናው ግድግዳ በጭቃ ተለወጠ፣ ደብሪቱ የሾለከችበት ቀዳዳ ግን እንዲደፈን ያልፈቀዱት ሴቶቹ ናቸው። መዝገብ አንዴ ተጽፏልና ሙሽሮቹ የተጻፈላቸውን ስም ወሰዱ። ዛሬ በአርባ ጭስ የጉልቻነሽ ልጆች፣ የበሶነሽ የልጅ ልጆች የምትሏቸው ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ልጁም በዝቶ በዝቶ፣ አያ ዘርጋው በስተርጅናው አንዱን ሕፃን ሲመርቅ ሌላው ተወልዶ ስለሚጠብቀው እጁን ከምርቃት የሚያወርድበት ጊዜ አጥቶ ነበር ይባላል።

ከቆጠራው በኋላ ጥር ገባ። ምንውየለት ቃሉን ጠብቆ ሽማግሌ ላከ፤ ደብሪቱም «አዎን» አለች። ዳሱ ከሾላዎቹ ሥር ተጣለ። ቀኛዝማች እንግዳሸት የጸሐፊያቸው ሠርግ ነውና የክብሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ገመዳቸው ያንኑ ቀን እንኳ ከወገባቸው አልወረደም። ሁሉም በልቶ ጠጥቶ፣ ሙሽሮቹ ቀርበው፣ ሽማግሌው እንደ ወጉ ተነሡና «ይህች ሴት ባል አላት ወይ? የሚያውቅ ይናገር» አሉ።

በዚያ ቀን የጎሽሜን አፍ በበሶ መሙላት ማንም አላስታወሰም።

«አላት» አለ ጎሽሜ ከኋላ ተነሥቶ።

ደብሪቱ ዓይኗን ጨፈነች። ሽማግሌው «ማነው ባሏ?» ቢሉት፣ «አንድ አይደለም» አለ ጎሽሜ። «ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። በሙሉ እዚህ ተቀምጠዋል። አያ ዘርጋው እንኳ ወንድሟ ሆኖ ሳለ አለበት። ጸሐፊው ጽፎታል፣ ቀኛዝማች ቋጥረውታል።»

አያ ዘርጋው ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሠላሳ ስምንቱ ባሎች ሚስቶቻቸውን ማየት ፈሩ። ምንውየለት ደብሪቱን እጇን ያዛት፤ ያቺን የተቃጠለች አውራ ጣቷን በመዳፉ ሸፈናት። ቀኛዝማች አንድ ቃል ቢናገሩ ነገሩ አለቀ፤ ዳሱ ይነቀላል፣ አርባው ጉልቻ ይፈርሳል፣ በቦታው ሎሚ ይተከላል። ቀኛዝማችም ከወንበራቸው ቀስ ብለው ተነሡ።

ዛሬም በአርባ ጭስ ሠርግ ላይ፣ ሽማግሌው ያቺን ጥያቄ ሲጠይቁ ሰፈርተኛው ሁሉ በአንድ አፍ «ሠላሳ ዘጠኝ!» ብሎ የሚጮኸው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ባናው ደጃፍ ላይ ተሰቅሎ፣ ሙሽራዋ ፍሟን ይዛ፣ የሙሽራው ዘመዶች ጫማቸውን እየፈለጉ። ያን ጊዜ በዳሱ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጠው እንግዳ ተነሥቶ፣ ቀኛዝማች ያን ቀን ገመዳቸውን ከወገባቸው ፈትተው ወደ ሾላው ጫፍ ከወረወሩት በኋላ የተናገሩትን፣ ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይደግመዋል፤ ዳሱም በእልልታ ይናወጣል። ቀኛዝማች እንዲህ ነበር ያሉት፦

«ምን አፋችሁን ከፍታችሁ ታዩኛላችሁ? አርባኛውን ቶሎ ስጧት እንጂ! አለዚያ የሎሚ ቦታዬን እንደወሰደች ከተማዬንም በሙሉ አግብታ ትጨርሰዋለች!»